ኮቴው የማይሰማ ጉዳት፦ ከንግድ ኅብረት መውጣትና የኅሊና ተጠያቂነት



ጉዳት ወደ ሰው ቤት የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው። በአንደኛው በር በጩኸት ይገባል፤ ጎርፍ ይደርሳል፣ እሳት ይነሣል፣ ጦርነት ይፈነዳል። ያን ጊዜ ጎረቤት ይጠራራል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ ያለው ካለው ላይ ቆርሶ ይሰጣል። በሁለተኛው በር ግን ኮቴው ሳይሰማ ይገባል። የዛሬው ቀን ከትናንቱ በጥቂቱ ብቻ የከፋ ስለሚሆን ማንም ደወል አይደውልም፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ዘወር ብሎ የተመለከተ ሰው ግን ብዙ ነገር እንደጎደለ ያያል። አባቶቻችን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት ይህን ዐይነቱን ጉዳት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህን ሁለተኛውን በር ይመለከታል። ብዙ ሕዝብ በነፃነት የወሰነው ውሳኔ በጥቂት በጥቂቱ ጉዳት ቢያመጣ ተጠያቂው ማን ነው? ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ተለይቶ በማይታወቅበት ጊዜስ በደልና ካሳ የሚባሉት ቃላት ትርጕም ይኖራቸዋልን? ጥያቄው ሥር እንዲይዝ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይዘን እንነሣለን፤ ይኸውም በተለምዶ ብሪታንያ የምንላት ዩናይትድ ኪንግደም ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበት ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንግድ ኅብረት ምንድን ነው?

የንግድ ኅብረት ማለት አገሮች በመካከላቸው በሚዘዋወረው ዕቃ ላይ ቀረጥ ላለመጣል የሚገቡት ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑ እየጠነከረ ሲሄድ ቀረጥን ከማንሣት ያልፋል፤ አንዱ አገር መርምሮ ያሳለፈውን ሥጋ፣ መድኃኒት ወይም መሣሪያ ሌላው ዳግመኛ ሳይመረምር ይቀበላል፤ ሠራተኛውም ልዩ ፈቃድ ሳይጠይቅ ድንበር ተሻግሮ ይሠራል። ስለሆነም የኅብረቱ ዋና ጥቅም በዐይን የሚታይ አይደለም። ሳይሞላ የቀረ ቅጽ፣ በኬላ ላይ ሳይቆም ያለፈ የጭነት መኪና፣ ሳይበላሽ ገበያ የደረሰ ዓሣ ናቸው ጥቅሞቹ። ጤነኛ ሰው እስትንፋሱን እንደማይቆጥር ሁሉ፣ በእንዲህ ያለ ኅብረት ውስጥ የሚኖር ሕዝብም ጥቅሙን አይቆጥርም።

የአውሮፓው ኅብረት መነሻው ንግድ ብቻ አልነበረም። ሜይ 9 ቀን 1950 የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቤር ሹማን የፈረንሳይና የጀርመን የድንጋይ ከሰልና የብረት ምርት በአንድ የጋራ አስተዳደር ሥር እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። የጦር መሣሪያ የሚሠራባቸው ሁለቱ ነገሮች የጋራ ከሆኑ፣ ለዘመናት ሲዋጉ የኖሩት ጎረቤታሞች እንደገና መዋጋት አይችሉም በማለት ነበር። በ1951 ስድስት አገሮች በፓሪስ የተፈራረሙት ውል፣ ቀጥሎም የ1957ቱ የሮም ውል ከዚህ ሐሳብ ተወለዱ። ሹማን፣ የጀርመኑ ኮንራድ አደናወርና የጣሊያኑ አልቺዴ ደ ጋስፔሪ ሦስቱም ካቶሊካውያን ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም በ2021 ሹማን ክርስቲያናዊ ምግባራትን በጀግንነት የኖሩ ሰው እንደነበሩ በይፋ መስክራለች።

ብሪታንያ ወደዚህ ማኅበር የገባችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ነው። በ1975 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 67 ከመቶ ያህሉ በማኅበሩ ውስጥ መቆየትን መረጠ። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ ግን፣ ጁን 23 ቀን 2016፣ ከመራጩ 51.9 ከመቶ የሚሆነው ከኅብረቱ መውጣትን መረጠ። አገሪቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ አባልነት ወጣች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከጋራው ገበያና ከጋራው የጉምሩክ ሥርዐት ተለየች።

ነጎድጓድ ያልተሰማበት ጉዳት

የሕዝበ ውሳኔው ውጤት በተሰማበት ቀን አንድ ፈጣን ምልክት ታይቶ ነበር፤ የፓውንድ ዋጋ በዶላር ሲመነዘር በዚያ ቀን በአንድ ወቅት ከ10 ከመቶ በላይ ወርዶ፣ ከ1985 ወዲህ ወዳልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ደረሰ። ይህም ከውጭ የሚገዛውን ሁሉ አስወደደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን በዝግታ የመጣ ነው።

በ2020 መጨረሻ የተፈረመው የንግድና የትብብር ስምምነት፣ በሁለቱ ወገኖች የተመረተ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲዘዋወር ፈቅዷል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ጎደለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የጎደለው መተማመኑ ነው። ቀድሞ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እንደሚላክ ሆኖ ይሄድ የነበረው አይብ ወይም ሥጋ፣ አሁን የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ምስክር ወረቀትና የጉምሩክ መግለጫ ያስፈልገዋል፤ ዕቃው የት እንደተመረተም በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። በሺህ የሚቆጠር ሳጥን ለሚልክ ትልቅ ድርጅት ይህ ወጪ በሳጥኖቹ ላይ ተከፋፍሎ ቀላል ይሆናል። በሳምንት አሥር ሳጥን ለሚልክ ግን ያው ወረቀትና ያው የጉምሩክ አስተላላፊ ክፍያ ትርፉን ሁሉ ይበላል። በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ቀድሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት ዕቃ ይልኩ ከነበሩት የብሪታንያ ድርጅቶች 14 ከመቶ ያህሉ መላክ እንዳቆሙ፣ ጉዳቱም በይበልጥ በትናንሾቹ ላይ እንደወደቀ አሳይተዋል። ዛጎል ያላቸውን የባሕር እንስሳት በሕይወት እንዳሉ ወደ ፈረንሳይና ወደ ስፔን የሚልኩ አጥማጆች፣ ውኃው ፍጹም ንጹሕ ካልሆነ ባሕር ያወጡትን አስቀድመው ካላጠሩ መላክ እንደማይችሉ ያወቁት በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው። ደንቡ የቆየ ነበር፤ ለውጡ እነርሱ ከደንቡ ውጭ መሆናቸው ነው።

ወደ አገር የሚገባውም ዕቃ እንዲሁ ነው። የብሪታንያ መንግሥት ከአውሮፓ በሚመጣ ምግብ ላይ ሊያደርገው የነበረውን ቁጥጥር ደጋግሞ ካዘገየ በኋላ በ2024 ጀመረ፤ በአንዳንድ በሮችም ለአንድ ጭነት እስከ 145 ፓውንድ የሚደርስ ክፍያ ተጣለ። ቀደም ሲል የጠቀስነው ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከ2019 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ባለው ጊዜ አዲሱ የንግድ እንቅፋት በእያንዳንዱ ቤተሰብ የምግብ ወጪ ላይ በአማካይ 250 ፓውንድ ገደማ እንደጨመረ ገምተዋል። ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የተጨመረ 250 ፓውንድ በሳምንት ቢከፈል ከሁለት ፓውንድ ያነሰ ነው። ለሁለት ፓውንድ ማን ደወል ይደውላል?

የመንግሥቱን ሒሳብ በገለልተኝነት የሚመረምረው የበጀት ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት፣ የአገሪቱ ምርታማነት በኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ሊደርስበት ከሚችለው በ4 ከመቶ ያህል ዝቅ እንደሚል ገምቷል። ይህ ሙሉ ለሙሉ የሚታየው በ15 ዓመታት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ነገሩን በእኛ ገንዘብ ብናስበው፣ መቶ ብር ሊያገኝ ይችል የነበረ ሰው ከ15 ዓመት በኋላ 96 ብር ያገኛል ማለት ነው፤ ለየዓመቱ ቢካፈል 30 ሳንቲም አይሞላም። በዚያ ላይ ገቢው በሌላ ምክንያት እያደገ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሰውየው የሚያየው ዕድገቱን እንጂ ጉድለቱን አይደለም። የጎደለው ሊሆን ሲችል ያልሆነው ነገር ነው፤ ያልተከፈተው ሱቅ፣ ያልተቀጠረው ወጣት፣ ያልተተከለው ፋብሪካ ነው። ያልተወለደን ልጅ ማንም በስሙ ጠርቶ እንደማያለቅስለት ሁሉ፣ ለዚህም ጉድለት የሚያለቅስ የለም።

በዚህ ስፍራ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። በ2020 ወረርሽኝ መጣ፤ በ2022 ሩስያ ዩክሬንን በመውረሯ የነዳጅና የእህል ዋጋ ናረ። በ2021 መጸው የጭነት መኪና ሾፌሮች አንሰው በነዳጅ ማደያዎች ረጅም ሰልፍ በታየ ጊዜ፣ ከኅብረቱ መውጣት ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አልነበረም። ሸማቹ በሱቅ የሚከፍለው ዋጋ ላይ «ይህን ያህሉ በወረርሽኙ፣ ይህን ያህሉ በጦርነቱ፣ ይህን ያህሉ በውሳኔያችን ምክንያት ነው» የሚል ጽሑፍ የለበትም። የዝግተኛ ጉዳት ባሕርይ ይህ ነው፤ ሁልጊዜ ከሌላ ጉዳት ጥላ ሥር ይሸሸጋል።

መውጣት በራሱ በደል ነውን?

ከኅብረት መውጣት በራሱ በደል ነው ብለን አንፈርድም። ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር ቅዱስ ወንጌል ያስተምረናል፤ አንድ ሕዝብም ሕጉን ራሱ ማውጣት ስለፈለገ ጥቂት ድህነትን ቢመርጥ ምርጫው የሰው ምርጫ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1931 ባወጡት ዓዋዲ መልእክት፣ ታናሹ ማኅበር በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ነገር ታላቁ ማኅበር ሊወስድበት እንደማይገባ አስተምረዋል። «ስለ ቤታችን ጉዳይ ሩቅ ያሉ ሹማምንት ለምን ይወስናሉ?» ብሎ የጠየቀው መራጭ ከዚህ ትምህርት ውጭ አልነበረም። በሊንከንሻየር አውራጃ በምትገኘው በቦስተን ከመራጩ 75 ከመቶ በላይ የሆነው መውጣትን ሲመርጥ፣ የሥራ፣ የቤትና የትምህርት ቤት ጭንቀቱን የሚሰማው በማጣቱ ነው ያሉ ብዙዎች ናቸው። ይህን ሕዝብ አላዋቂ ብሎ መናቅ ራሱን የቻለ በደል ነው።

ይሁን እንጂ ነፃነት ከተጠያቂነት አይፈታም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ስለ አስተዋይነት ሲያስተምሩ፣ ያለፈውን ማስታወስንና የሚመጣውን አስቀድሞ ማየትን የዚህ ምግባር ክፍሎች አድርገው ቈጥረዋቸዋል። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ በምሳሌ ነግሮናል። ምሳሌው ግንብ መሥራትን አይከለክልም፤ ሳያሰሉ መጀመርን ይነቅፋል እንጂ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ወጣችሁ?» የሚል ሳይሆን «ዋጋውን አውቃችሁ፣ ለመክፈልም ተስማምታችሁ ነበርን?» የሚል ነው። ይህም ወደ እውነት ጉዳይ ይወስደናል።

እውነትን የመናገር ግዴታ

በ2016ቱ ቅስቀሳ ጊዜ፣ ለመውጣት የተሟገቱት ወገኖች አገሪቱ ለአውሮፓ ኅብረት በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንደምትልክ በአውቶቡስ ላይ ጽፈው፣ በምትኩ ገንዘቡ ለሕክምና ይዋል እያሉ ዞሩ። ቍጥሩ አስቀድሞ የሚቀነሰውንና ተመልሶ የሚመጣውን ገንዘብ ያላገናዘበ ስለነበር፣ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አሳሳች መሆኑን በይፋ ተናገረ። ጽሑፉ ግን ከአውቶቡሱ ላይ አልወረደም።

በሌላው ወገንም ነቀፋ አለ። የገንዘብ ሚኒስቴሩ በሜይ 2016 ባወጣው ትንበያ፣ ሕዝቡ መውጣትን ከመረጠ ኢኮኖሚው ወዲያው እንደሚያሽቆለቍልና በሁለት ዓመት ውስጥ 500,000 ያህል ሰው ሥራ እንደሚያጣ አስታወቀ። ይህ አልሆነም፤ በእነዚያ ዓመታት ሥራ አጥነት ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ሰውም «የዛቱብን ነገር የት አለ?» አለ።

በእኛ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የማይተናነስ ጉዳት አድርሷል። ነጎድጓድ ይመጣል ብሎ የተነበየ ሰው፣ ነጎድጓዱ በቀረ ጊዜ ስለ ጠብታው የሚሰማው ያጣል። ጣራው በአንድ ሌሊት ይወድቃል የተባለ ባለቤት ጣራው ቆሞ ቢያድር ደስ ይለዋል፤ ቀስ ብሎ የሚያንጠባጥበውንም ውኃ ከቍም ነገር አይቈጥረውም። ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል፣ ለመልካም ዓላማ ሲባል እውነትን ማጋነንንም እንደሚከለክል ልጆቻችንን ማስተማር ይገባናል። ዝግተኛ የሆነ እውነት በዝግታው፣ ትንሽም የሆነ እውነት በትንሽነቱ ሊነገር ይገባዋል። እንዲህ ያለ እውነት ጭብጨባ አያስገኝም፤ ሕዝብ ግን ሊወስንበት የሚችል እውነት እርሱ ብቻ ነው።

ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ወደቀ?

ሁለተኛው የኅሊና መመዘኛ ይህ ነው። ባለጠጋው ከገቢው ጥቂቱን ብቻ ለምግብ ያወጣል፤ ድኻው ግን ብዙውን። የምግብ ዋጋ በእኩል መጠን ሲጨምር ሸክሙ እኩል አይሆንም። በዝግታ የሚመጣ የዋጋ ጭማሪ ማንም ሳይመክርበት፣ ምክር ቤት ሳያጸድቀው በድኻው ላይ የተጣለ ግብር ነው።

ድምፅ ያልሰጡትንም እናስብ። በ2016 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የነበሩት የውሳኔውን ዋጋ ረጅሙን ዘመን የሚከፍሉ ናቸው፤ አልተጠየቁም። ከሌሎች የኅብረቱ አገሮች መጥተው በብሪታንያ የሚኖሩ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ሰዎች፣ ከጥቂት አገሮች ዜጎች በቀር፣ በሚኖሩበት አገር ጉዳይ ድምፅ አልነበራቸውም። 55.8 ከመቶ መራጯ በኅብረቱ መቆየትን የመረጠችው ሰሜን አየርላንድ፣ በ1998 የሰላም ስምምነት ከተከፈተው ድንበሯ የተነሣ በሁለት ሥርዐቶች መካከል ቆማ ቀረች፤ ከቀሪው የብሪታንያ ግዛት ወደ እርስዋ የሚሻገር ዕቃ ወረቀት ስላስፈለገው፣ ጉዳዩን ለማቃለል በ2023 ሌላ ስምምነት መፈራረም ግድ ሆነ። በዚያች አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ከዚሁ ገበያ ይገዛሉ፤ ለወላጅ ወይም ለታናሽ ወንድም ትምህርት ገንዘብ የሚልክ ሰው ፓውንዱ በወረደ ጊዜ ያው የልፋት ሰዓት አነስተኛ ዶላር እንደሆነ አይቷል። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1967 ስለ ሕዝቦች ልማት ባወጡት ዓዋዲ መልእክት፣ ተገበያዮቹ በአቅም የማይመጣጠኑ ከሆነ የንግድ ነፃነት ብቻውን ፍትሕን እንደማያስገኝ አስገንዝበዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1987 ሲጽፉ፣ መተሳሰብ ማለት ለሩቅ ሰው ሥቃይ የሚሰማ የአፍታ ኀዘን ሳይሆን ለሁሉም የጋራ መልካም ለመትጋት የሚደረግ ጽኑ ውሳኔ እንደሆነ አስተምረዋል። ኀዘን የሚነሣው በሚታይ ነገር ነው፤ ጽኑ ውሳኔ ግን የማይታየውንም ፈልጎ ያገኛል። በወንጌል የተጠቀሰው ባለጠጋ አልዓዛርን እንደመታው አልተጻፈም፤ በደጁ ተኝቶ ሳለ በየቀኑ ማለፉ ብቻ በቂ በደል ሆነ። በመጨረሻው ፍርድ በግራ የሚቆሙትም «መቼ አየንህ?» ብለው እንደሚጠይቁ እናስታውስ። አለማየት ሁልጊዜ ይቅር የሚያሰኝ ምክንያት አይደለም፤ ልናየው ይገባን የነበረ ከሆነ አለማየታችን ራሱ ይመረመራል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እንስጥ። በዝግተኛ ጉዳት ተጠያቂነቱ ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ግን ማንንም ፈጽሞ አይዘልም። የሚበልጠው ተጠያቂነት፣ ዋጋውን እያወቁ የሸሸጉትና ያጋነኑት መሪዎች ነው። ቀጥሎ፣ ጉዳቱ መታየት ከጀመረ በኋላ ላለመቍጠር የመረጡት ሹማምንት ተጠያቂዎች ናቸው። መራጩ ሕዝብ በበቂ ሳይነገረው በቅን ልብ የወሰነ ከሆነ በደለኛ ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን ዋጋውን ካወቀ በኋላ ሸክሙ በድኻው ላይ ብቻ እንዳይቀር የማድረግ ግዴታ አለበት። በደል የግል ነው፤ ካሳ ግን የጋራ ሊሆን ይችላል።

ከአህጉራችን የሚገኝ ትምህርት

ምሳሌው የአውሮፓ ብቻ እንዳይመስለን፣ ጎረቤቶቻችንን እንመልከት። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ በ1967 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን መሠረቱ። በባቡር፣ በአየር መንገድ፣ በፖስታና በስልክ አገልግሎት አንድ ሆነው ነበር። ጥቅሙ ለኬንያ ያደላል የሚለው ቅሬታ፣ የመንግሥታቱ የርዕዮተ ዓለም ልዩነት፣ በኢዲ አሚን ዘመን በዩጋንዳና በታንዛኒያ መካከል የተነሣው ጠላትነት ተደማምረው ማኅበረሰቡ በ1977 ፈረሰ። የጋራው አየር መንገድ ተበተነ፤ ታንዛኒያም ከኬንያ ጋር የሚያገናኛትን ድንበር ዘጋች፤ ድንበሩ የተከፈተው በ1983 ነው። የጋራውን ንብረትና ዕዳ ለመከፋፈል የተደረገው ድርድር በ1984 ተቋጨ። ሦስቱ አገሮች ማኅበረሰቡን እንደገና ለማቋቋም የተፈራረሙት በ1999 ነው፤ ውሉም በ2000 በሥራ ላይ ዋለ።

ለማፍረስ ጥቂት ወራት፣ ለመመለስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። በዚህ መካከል አንድ ትውልድ ተወልዶ አደገ፤ የአባቱ ገበያ የነበረውን የጎረቤት ከተማም እንደ ባዕድ አገር ቈጠረው። በዝግታ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መተዋወቅም ይጠፋል። የሚተዋወቁ ነጋዴዎች ሲጣሉ ሽማግሌ ይፈልጋሉ፤ የማይተዋወቁ ግን ዳኛ ወይም ወታደር ይፈልጋሉ። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በይፋ የወጡት ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ነው። በውጤቱ ላይ ለመፍረድ ጊዜው ገና ቢሆንም፣ የሚታሰበው በጥቂት ወራት ሳይሆን በዓመታት እንደሚሆን ካለፈው ታሪክ ተምረናል።

መመለስ ግን የማይቻል አይደለም። ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ሜይ 19 ቀን 2025 በለንደን ባደረጉት ጉባኤ፣ በምግብና በእንስሳት ምርት ላይ ያለውን ቍጥጥር የሚያቀል ስምምነት ለማድረግ ተግባብተዋል። ይህ ወደ አባልነት መመለስ አይደለም፤ የተቈረጠውን ገመድ ክር በክር መቀጠል ነው። መለያየት በአንድ ድምፅ ሊወሰን ይችላል፤ መታረቅ ግን ብዙ ትዕግሥት ያለበት ሥራ ነው።

ለቁምስናችን ምን ይነግረናል?

አንባብያን «ይህ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» ይሉ ይሆናል። እኛም በየደረጃችን ማኅበር እንገባለን፤ ከማኅበርም እንወጣለን። አንድ ቤተሰብ በቅያሜ ከዕድሩ ቢወጣ በማግሥቱ የሚደርስበት ነገር የለም። እንዲያውም ወርኀዊው መዋጮ ስለቀረለት የተጠቀመ ይመስለዋል። ዕድሩም አንድ አባል በማጣቱ አይፈርስም። ጉዳቱ የሚታወቀው ሐዘን በመጣ ቀን ነው። ገበሬዎች ከኅብረት ሥራ ማኅበራቸው አንድ አንድ እያሉ ሲወጡም፣ የቀሩት ማዳበሪያውን የሚያጓጕዙበት ወጪ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፤ የሚጐዱትም ለመውጣት አቅም የሌላቸው ድኾቹ ናቸው።

ስለሆነም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጉዳይ ሲያስተምሩ ሦስት የኅሊና ጥያቄዎችን ለምእመናን ቢያቀርቡ መልካም ነው እንላለን።

አንደኛው ከውሳኔ በፊት የሚጠየቅ ነው፦ የምወስነው ነገር ዛሬ ሳይሆን ከአሥር ዓመት በኋላ ማንን ይነካል? ያ ሰው በዚህ ጉባኤ ውስጥ አለን? ከሌለ ስለ እርሱ የሚናገር ማን ነው?

ሁለተኛው በክርክር ጊዜ የሚጠየቅ ነው፦ ሐሳቤን ለማስረዳት የምናገረው ቃል፣ ባላጋራዬ ቢመረምረው እውነት ሆኖ ይገኛልን? የማስፈራራውም ሆነ ተስፋ የምሰጠው በእውነቱ ልክ ነውን?

ሦስተኛው ከውሳኔ በኋላ የሚጠየቅ ነው፦ ከወሰንን በኋላ የሆነውን ለመቍጠር ፈቃደኞች ነንን? ወይስ መቍጠር ውሳኔያችንን ያሳፍርብናል ብለን እንፈራለን? ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ሰው የተከራከረለትን ነገር ውጤት በቅንነት መመርመር ያስፈራዋል። ነገር ግን በንስሐ ሥርዐት ዘወትር የምንለማመደው ይህንኑ ነው፤ የሠራነውን ብቻ ሳይሆን ልንሠራው ሲገባን የተውነውንም እንቈጥራለን። ኑዛዜ ለግለሰብ ጠቃሚ ከሆነ፣ ሒሳብን በግልጽ ማየት ለማኅበርም ይጠቅማል። በየዓመቱ መጨረሻ የቁምስና ምክር ቤት ወይም የዕድር ዳኛ መዝገቡን ሲከፍት፣ «ምን ገባ? ምን ወጣ?» ከሚለው ጋር «ማን ጎደለ? ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ኮቴው የማይሰማውን ጉዳት ገና በደጅ ሳለ ሊያየው ይችላል።

ይህን ስንል ማኅበር ሁሉ ቅዱስ ነው፤ መለያየትም ሁሉ ርኵሰት ነው ማለታችን አይደለም። ፍትሕ የማይሰማ ማኅበር አባላቱን ራሱ ያባርራል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ቢሆን ከዚህ ወቀሳ ፈጽሞ ነፃ አይደለም። አብሮ መኖር የሚጸናው የወጣውን በመርገም ሳይሆን፣ ውስጥ ያለው ድኻ የሚሰማው ሲያገኝ ነው። የወጣውም ቢሆን ጎረቤትነቱን ይዞ ይኖራል፤ ባሕር ቢለየውም ገበያው፣ ዝናቡና ሐዘኑ ያገናኙታል።

ሁሉን የሚያይ አምላክ፣ ትንሽ የሚመስለንን የባልንጀራችንን ጉድለት የምናይበት ዐይን፣ እውነትን በልኩ የምንናገርበት አንደበት፣ የሰበርነውንም በትዕግሥት የምንጠግንበት ልብ ይስጠን። አሜን።